ጆሮውን ደፍኖ የሮጠው ባል

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ቁልቁል ወደ ከተማ፣ ወይ ሽቅብ ወደ ተራራው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባንበት ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ መውጣት ልማዳችን ነበር። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥባት አንዲት ድንጋይ ላይ አረፍ ብለን እንጸልያለን። ከዚያ ወርደን ቁርሳችንን እንበላለን። ልማዱ መልካም ነበር፤ አወጣጣችን ግን መልካም አልነበረም።

እኔ እግረ ፈጣን ነኝ። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ስለሆነ ለፈጣንም ቢሆን ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ ከኋላ ትከተላለች። አልፎ አልፎ ዞር እልና፣ “ቶሎ በይ እንጂ!” እላታለሁ። ድንጋያችን ላይ ቀድሜ ደርሼ ጸሎቴን እጀምራለሁ። እኔ “አሜን” ስል እርሷ ገና ትንፋሿን እየሰበሰበች ትደርሳለች። እኔ ግን አብረን የጸለይን ይመስለኝ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማጫውታችሁ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ስለ እርሱ ስጽፍ ግን ስለ ትዳሬ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ምክንያቱም የዚህን ሰው መጽሐፍ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በግማሹ ብቻ አንብቤዋለሁ፤ ትዳሬንም እንዲሁ በግማሹ ብቻ ኖሬዋለሁ።

ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ጌታን ያገኘሁት በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪያችን የነበረ ወንድም አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ጠርዙም ሻይ ፈስሶበት ቡኒ ሆኗል። “ይህን አንብብና ንገረኝ” አለኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። የጆን ቡንያን “ፒልግሪምስ ፕሮግረስ” ነበር፤ ስለ አንድ መንፈሳዊ መንገደኛ ጉዞ የሚተርከው መጽሐፍ ማለት ነው።

ታሪኩ በሕልም መልክ የተጻፈ ነው። ተራኪው አንቀላፍቶ ሳለ አንድ ሰው በሕልሙ ያያል። ሰውየው ልብሱ ቡትቶ ነው፤ በእጁ መጽሐፍ ይዟል፤ በጀርባው ላይ ከባድ ሸክም አለ። ስሙ ክርስቲያን ይባላል። የሚኖርባት ከተማ እንደምትጠፋ ከመጽሐፉ ተረድቷልና ተጨንቋል። ወንጌላዊ የሚባል ሰው መጥቶ መንገዱን ያመለክተዋል። ክርስቲያን በረግረግ ውስጥ ይሰጥማል፤ በጠባቧ በር ይገባል፤ መስቀሉ ጋ ሲደርስ ሸክሙ ከጀርባው ወድቆ ይንከባለላል። ከዚያም አስቸጋሪ የሚባለውን ኮረብታ ይወጣል፤ በከንቱ ገበያ ያልፋል፤ በጥርጣሬ ግንብ ይታሰራል፤ በመጨረሻ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰማያዊቷ ከተማ ይገባል።

የእኛ ሰፈር ልጅ ይህን ታሪክ ሲያነብ ሥዕል አያስፈልገውም። ሸክም ምን እንደሆነ ያውቃል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት መሬቱን እያየ ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች እያየን ነው ያደግነው። እኔ ክርስቲያንን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ስለ እነዚያ እናቶች አንድ ነገር ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ እርሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ደራሲውስ ማን ነበር? ጆን ቡንያን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1628 ቤድፎርድ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ኤልስቶው በምትባል መንደር ነው። አባቱ የተሰበረ ድስትና ሰታቴ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሙያ ወረሰ። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ሲባል እንዴት ይናቅ እንደነበር የምታውቁ፣ የዚያን ቤት ኑሮ ለመገመት አይከብዳችሁም። በአሥራ አምስት ዓመቱ እናቱን አጣ። በዚያው ዓመት ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። ከሠራዊቱ ወጥቶ ሲያገባ እርሱና ሚስቱ ቤታቸው ውስጥ ሳህንና ማንኪያ እንኳ እንዳልነበራቸው ራሱ ጽፏል። ሚስቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሀብት ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት ብቻ ነበር። እነዚያን መጻሕፍት አብረው እያነበቡ ነው ልቡ ወደ እግዚአብሔር ማዘንበል የጀመረው።

አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያዋ ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1658 ሚስቱ ሞተች፤ በዓመቱ ኤልሳቤጥ የምትባል ወጣት አገባ። በኅዳር 1660 ደግሞ ያለ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ታሰረ። ስብከቱን ለመተው ቃል ቢገባ ይፈቱት ነበር። አልገባም። አሥራ ሁለት ዓመት፣ እስከ 1672 ድረስ፣ በቤድፎርድ ወኅኒ ቤት ተቀመጠ። መጽሐፉ የታተመው በ1678 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ቡንያን ለእኛም እንግዳ አይደለም። ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ወደ አማርኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1892 ታትሟል፤ ይህም ከአድዋ ድል አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከቤታችን በላይ፣ በዚሁ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በወጣትነታቸው የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. “ወዳጄ ልቤ” የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ይህን መጽሐፍ ከቡንያን ሥራ ጋር ያያይዙታል። ኅሩይ ራሳቸው በኋላ መንገደኛ ሆኑ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1938 በቡንያን አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ አረፉ። ይህን ሁሉ ለጓደኞቼ በኩራት አወራ ነበር። መጽሐፉን እወደው ነበርና።

ያን ቀን

ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የወደድኩት ስፍራ መጀመሪያው ላይ ነው። ክርስቲያን ከቤቱ ወጥቶ መሮጥ ሲጀምር ሚስቱና ልጆቹ እንዲመለስ ይጮኹበታል። እርሱ ግን ጣቶቹን በጆሮዎቹ ውስጥ ከትቶ ወደ ሕይወት ይሮጣል፤ ወደ ኋላም አይመለከትም። ወጣት አገልጋይ ሆኜ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! “ጌታን ለመከተል ጆሮህን መድፈን አለብህ!” እል ነበር። ሰውም “አሜን!” ይል ነበር።

አገባሁ። ሴት ልጅ ወለድን። አገልግሎቴ እየሰፋ ሄደ፤ ጉባኤ፣ ኮንፍራንስ፣ የክፍለ አገር ጉዞ። ቤት ውስጥ እንግዳ እየሆንኩ እንደመጣሁ አላስተዋልኩም። አስተውዬ ብሆን ኖሮም የመስቀሉ ዋጋ ነው ብዬ ራሴን አሳምን ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አረገዘች። ስድስተኛ ወሯ ላይ ሳለች ወደ ክፍለ አገር ለአንድ ሳምንት ኮንፍራንስ ተጠራሁ። ሻንጣዬን ስይዝ በር ላይ ቆማ፣ “ሰሞኑን ሰውነቴ ደስ አላለኝም፤ ብትቀርልኝ” አለችኝ። “ብትቀርልኝ” የምትል ሴት አይደለችም። በትዳራችን ውስጥ ያን ቃል ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም፣ “የጌታ ሥራ ነው፤ እርሱ ይጠብቅሻል” ብዬ ግንባሯን ስሜ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሌሊት ምጥ መጥቶባት ጎረቤቶቻችን ታክሲ ፈልገው ሆስፒታል አድርሰዋት ነበር። ወንድ ልጅ ነበር። አልተረፈም። ስሰማ ልቤ ተሰበረ፤ ነገር ግን የማታው ስብከት የእኔ ስለነበር ሰብኬ በማግስቱ ተነሣሁ። ቤት ስደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ቤቱን የሞሉት ወገኖች ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ወሰደ በሚለው የኢዮብ ቃል አጽናናሁ። ሰዎቹ በእምነቴ ተደነቁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጉባኤ ነበረኝ። “አሁንም ትሄዳለህ?” አለችኝ። ያን ጊዜ ያልኩትን ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። “ክርስቲያንም እኮ ሚስቱ ስትጠራው ጆሮውን ደፍኖ ነው የሮጠው” አልኳት። እርሷም ምንም አልመለሰችም። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አልመለሰችም። ቡና ታፈላለች፣ ልጃችንን ታጥባለች፣ ለምጠይቃት ነገር “እሺ” ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቅብ እንወጣለን፤ እርሷ ግን ከበፊቱ ይልቅ እየዘገየች መጣች። አንዳንድ ቀን ድንጋዩ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ እኔ እስክመለስ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ሆነን ከዓመት በላይ ቆየን።

“መጽሐፍህ እኮ ግማሽ ነው”

ባለቤቴ አስተማሪ ነች፤ እንግሊዝኛ ከእኔ ይልቅ ትችላለች። አንድ ቀን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ የተዋሰችውን ወፍራም መጽሐፍ ይዛ መጣች። ለብዙ ማታ ልጃችንን ካስተኛች በኋላ ስታነብ አያታለሁ። ምን እንደምታነብ አልጠየቅኋትም። አንድ ማታ ራሷ ተናገረች።

“ያንተ መጽሐፍ እኮ ግማሽ ነው” አለችኝ።

“የቱ መጽሐፌ?”

“የክርስቲያን መጽሐፍ። ሁለተኛ ክፍል አለው። ሚስትየውም ትሄዳለች።”

አላመንኳትም። ሽፋን የሌለው መጽሐፌ ክርስቲያን ወንዙን ሲሻገር ያበቃል። እርሷ ግን አሳየችኝ። ቡንያን የመጀመሪያው ክፍል ከታተመ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1684፣ ሁለተኛውን ክፍል አሳትሟል። የዚህ ክፍል መንገደኛ ቤት የቀረችው ሚስት ነች። ስሟ ክርስቲያና ነው። አራት ወንዶች ልጆቿንና ምሕረት የምትባል ወጣት ጎረቤቷን ይዛ በዚያው መንገድ ትነሣለች። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ደግሞ የደራሲው የሕይወት ታሪክ ነበረበት። ባለቤቴ በመጀመሪያ የነገረችኝ እርሱን ነው፤ የኤልሳቤጥን ነገር።

ቡንያን ሲታሰር ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ነበረች። ድንጋጤው ያለ ጊዜዋ ምጥ አመጣባት፤ ስምንት ቀን አምጣ የወለደችው ልጅ ሞተ። በነሐሴ 1661 ይህች ወጣት በቤድፎርድ በተሰየመው ችሎት ዳኞች ፊት ብቻዋን ቀረበች። ለባሏ አቤቱታዋን ከአንድ ጊዜ በላይ አቀረበች። እርሷ ያልወለደቻቸው አራት ሕፃናት በእጇ እንዳሉ፣ አንዷ ዓይነ ስውር እንደሆነች፣ የሚኖሩትም በደግ ሰዎች ምጽዋት እንደሆነ ለዳኞቹ ነገረች። ባሏ ድኻና ድስት ጠጋኝ ስለሆነ እንደተናቀ ፊት ለፊት ተናገረች። ማቲው ሄል የሚባለው ዳኛ አዘነላት፤ ሆኖም ባሏ አልተፈታም።

ባለቤቴ ይህን ስትተረጉምልኝ ልጁ የሞተበት ስፍራ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ፣ “እርሷም” አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዓመት በላይ ያልተናገረችውን ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ሰማሁት።

የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምታውቁ ኤልሳቤጥን ታውቋታላችሁ። በደርግ ዘመን ባሎቻቸው ለወንጌል ሲታሰሩ ስንቅ እያመላለሱ ቤት ያቆሙ እናቶች በየአጥቢያው ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተወስደው ሲገደሉ፣ ባለቤታቸው ጸሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታስረዋል። ስለ ወንዶቹ ብዙ ሰብከናል፤ ስለ ሚስቶቹ ግን እምብዛም አልተናገርንም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ራሴን ከቡንያን ጋር ሳስተያይ ኖሬ ነበር። ግን ቡንያንን ያሰረው መንግሥት ነው፤ እኔን ማን አሰረኝ? እርሱ ከቤተሰቡ መለየት ሥጋ ከአጥንት የመለየት ያህል እንደሆነበት፣ ይልቁንም ስለ ዓይነ ስውሯ ልጁ እንደተጨነቀ ጽፏል። በወኅኒ ቤት ሆኖም የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ይሸጥና ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። እርሱ በሰንሰለት ሆኖ ቤቱን አሰበ፤ እኔ ነጻ ሆኜ ቤቴን ረሳሁ።

የወደድኩትንም ስፍራ እንደገና አነበብኩት። ክርስቲያን ጆሮውን ከመድፈኑ በፊት ለሚስቱና ለልጆቹ ነግሯቸዋል፤ አብረውት እንዲሄዱ ለምኗል፤ አልቅሷል። መንገድ ላይም ፍቅር የሚል ትርጉም ያለው ስም ያላት ሴት ቤተሰቡን ለምን ይዞ እንዳልመጣ ስትጠይቀው እንባው መጥቷል። ክርስቲያና በበኩሏ ባሏን ባለመስማቷ ጥፋቷን አምና ትናዘዛለች። ሁለቱም ወገን እንባ አለበት። እኔ ግን እንባውን ትቼ ሩጫውን ብቻ ነበር የወሰድኩት።

ያው ኮረብታ

በቀጣዮቹ ሳምንታት ሁለተኛውን ክፍል ማታ ማታ አብረን አነበብነው። ያው መንገድ፣ ያው ኮረብታ ነው፤ አካሄዱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። አስቸጋሪ የሚባለውን ኮረብታ ክርስቲያን የወጣው ብቻውን ነበር፤ ሮጠ፣ ከዚያ በእግሩ ሄደ፣ በመጨረሻም በጉልበቱ ዳኸ። ክርስቲያና ስትወጣው ግን ታላቅ ልብ የሚባል መሪ አብሯቸው አለ። እርሷ ታለከልካለች፤ ምሕረት ልቀመጥ ትላለች፤ ትንሹ ልጅ ያለቅሳል። መሪው አይቆጣም። የትንሹን ልጅ እጅ ይይዝና ማረፊያው ድረስ ያደርሳቸዋል። በማረፊያው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ክርስቲያና ጠርሙሷን ረስታ ስትሄድ እንኳ ልጇ ተመልሶ እስኪያመጣ ይጠብቋታል።

ወደ ፊት ሲሄዱ ልበ ደካማ የሚባል ሰው ያገኛሉ። እንዳያዘገያቸው ፈርቶ አብሯቸው መሄድ አይፈልግም። ታላቅ ልብ ግን ደካሞችን መደገፍ የተላከበት ሥራ እንደሆነና እንደሚጠብቁት ይነግረዋል። በክራንች የሚሄድ ሌላ ሰውም ይቀላቀላቸዋል። ይህ የአንካሶችና የሕፃናት ጉዞ ወደ ጥርጣሬ ግንብ ሲደርስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ክርስቲያን ከዚያ ግንብ ከባልንጀራው ጋር በቁልፍ ከፍቶ አመለጠ፤ ግንቡ ግን እንደቆመ ቀረ። እነዚህኞቹ ተስፋ መቁረጥ የተባለውን ግዙፍ ገድለው ግንቡን አፈረሱት። በክራንች የሚሄደውም ሰው አንድ እጁን በክራንቹ ተደግፎ በሌላው የአንዲት ፈሪ ልጅ እጅ ይዞ ጨፈረ! ባለቤቴ ይህን ስታነብ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ይህን ሁሉ አንብቤም ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ ልማዱን አልረሳም። ቀድሜ ወጣሁ። ባለቤቴ ወደ ኋላ ቀረች።

እንደምታውቁት ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ፍለጋ ከየአገሩ በሽተኞች ይመጣሉ። የእምነት አረዳዳችን ቢለያይም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እየተባባልን እንተላለፋለን። ያን ቅዳሜ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የታመሙ ባለቤታቸውን ክንድ ይዘው ይወጡ ነበር። በሌላው እጃቸው ባዶ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥለዋል። አሥር እርምጃ ያህል ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ። ሴትየዋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌው ፀሐዩ እንዳይነካቸው ነጠላቸውን ዘርግተው ይከልሉላቸዋል። ከዚያ እንደገና አሥር እርምጃ።

ደረስኩባቸውና፣ “አባባ፣ ጄሪካኑን እኔ ላድርስልዎት፤ እርስዎም በዚህ አካሄድ እስከ ቀትር አይደርሱም” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ፈጥኜ ብደርስ ምን ይሠራልኛል? የታመመችው እሷ” አሉኝ።

እርሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን እንደ ተተከለ እንጨት ቆምኩ። ከዚያ ዞሬ ቁልቁል ወረድኩ። ያን ተራራ ለዓመታት ስወጣው ለባለቤቴ ብዬ ተመልሼ ስወርድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተዘጋጀ ቃል አልነበረኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብከት አልመጣልኝም። “ያን ቀን መቅረት ነበረብኝ። ስትለምኚኝ ሰምቼሻለሁ፤ ሰምቼ ነው የሄድኩት። ይቅር በይኝ” አልኳት።

ብዙ ቆይታ፣ “ስሙን እንኳ አልጠየቅኸኝም” አለች።

“ስም?”

“ስም አውጥቼለት ነበር።”

ነገረችኝ። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔና የእርሷ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ተቃቅፈን ለልጃችን አለቀስን። ያኔ በሰው ፊት ያጽናናሁበትን ሐዘን ገና ያን ቀን ማዘን ጀመርኩ። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት በአጠገባችን ሲያልፉ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ” ብለውን ወረዱ። ማን እንደሞተብን አላወቁም።

አሸካሚ

ቀደም ሲል ስለ እንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ሸክሙን አንዴ ከተሸከሙት በኋላ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ከመሬት ለማንሣት ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንዷ ስትጎነበስ ሌላዋ ከኋላ ታነሣላታለች። ስለዚህ አብረው ይወጣሉ፤ የዘገየችውን ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሸክሙን እያየሁ አሸካሚዋን አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ለሽማግሌዎቻችን ነግሬ ለአንድ ዓመት ያህል የክፍለ አገር ጉዞ አቆምኩ። አንዳንድ ሰው “ቀዘቀዘ” አለኝ። ወደ አገልግሎት የተመለስኩት ደግሞ ባለቤቴ “አሁን ሂድ” ስትለኝ ነው። ዛሬም ግብዣ ሲመጣልኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከእርሷ ጋር እንነጋገራለን። “ብትቀርልኝ” ካለች እቀራለሁ። እስከ አሁን ያለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሴት የምትፈልገው ሁልጊዜ እንድትቀርላት አይደለም፤ ብትጠራህ ዞር እንደምትል ማወቅ ነው።

ያዕቆብ ወንድሙ ዔሳው አብረን እንሂድ ባለው ጊዜ ሕፃናቱና የሚያጠቡት በጎች በጥድፊያ እንዳይጎዱ በእነርሱ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ነግሮታል (ዘፍ. 33፥13-14)። ሐዋርያው ጴጥሮስም ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ሲመክር ምክንያቱን ይነግረናል፤ ጸሎታችን እንዳይከለከል ነው (1ጴጥ. 3፥7)። እኔ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ደርሼ ስጸልየው የኖርኩትን ጸሎት አሰብኩ።

ቡንያን እንዴት እንደሞተም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1688 በአንድ አባትና ልጅ መካከል ጠብ ነበር። ቡንያን ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ እነርሱን ለማስታረቅ በፈረስ ተጉዞ አስታረቃቸው። ከዚያ ወደ ለንደን ሲሄድ ከባድ ዝናብ መታው፤ ትኩሳት ያዘው፤ ነሐሴ 31 ቀን አረፈ። ጆሮውን ደፍኖ የሮጠውን ባል የጻፈው ሰው የመጨረሻ ጉዞው የአንድን ቤተሰብ ጩኸት ሰምቶ የሄደበት ነበር።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራችን ሰው በዝቶበታል። እኔና ባለቤቴ ግን ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌው መንገድ እንወጣለን። አሁን ጉልበቴን የሚያመኝ እኔን ነው፤ የምትጠብቀኝም እርሷ ነች። ልጃችን ከሁለታችንም ቀድማ ትወጣና ከላይ፣ “ቶሎ በሉ እንጂ!” ትለናለች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ትስቃለች።

የተወደዳችሁ ባለ ትዳሮች፣ በቤታችሁ ወደ ኋላ የቀረ ማን ነው? ይህን መጽሔት ስታስቀምጡ ስለ እርሱ ከመጸለያችሁ በፊት ወደ እርሱ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። ያልጠየቃችሁትም ስም ካለ ጠይቁ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።